የውርጭ ምድር፦ ስለ ባሌ፣ ስለ ስሜንና ስለ ጓሳ ተራሮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ከፍተኛ ተራሮቻችንና እዚያ ስለሚኖሩት እንስሳት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ ከቀላሉ ጀምሬ እመልሳለሁ።

ውርጭ የሚባለው መሬት የቱ ነው?

የአገራችን ሰው መሬትን በከፍታው የሚከፍልበት የራሱ አነጋገር አለው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ይላል። ከደጋው በላይ ያለው ደግሞ ውርጭ ነው። በግምት ከ 3,200 ሜትር በላይ ያለው ቦታ ማለት ነው። እዚያ ጤፍ አይታሰብም። ገብስ ብቻ ከብርዱ ጋር ይታገላል፣ እሱም የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ እጁን ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሳር፣ የአስታ፣ የጅብራና የድንጋይ አገር ነው።

ብዙ ሰው ከመኪና መስኮት አይቶት "ባዶ መሬት ነው" ይላል። ይሄን ስሰማ ከልቤ ያሳዝነኛል። ከመኪናው ውረዱና ግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያ አንድ አይጥ ከጉድጓዷ ብቅ ትላለች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ትንሽ ቆይታችሁ ሜዳው በሙሉ እየተንቀሳቀሰ መሆኑ ይገባችኋል።

እንዲህ ያለ መሬት ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው?

አይደለም። የኬንያ ተራራ፣ ኪሊማንጃሮ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ያለው ሩዌንዞሪ፣ ኤልጎን፣ ሁሉም ከላይ በኩል ተመሳሳይ ቀዝቃዛ ምድር አላቸው። በቁመት እንዲያውም ይበልጡናል። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው፣ የኬንያ ተራራ 5,199 ሜትር። የእኛ ራስ ዳሸን ከ 4,500 ሜትር ትንሽ ነው የሚያልፈው።

ልዩነቱ ስፋት ላይ ነው። የእነሱ ተራሮች ለየብቻ የቆሙ ሾጣጣ ጫፎች ናቸው። የእኛዎቹ ግን ሰፋፊ አምባዎች ናቸው። አፍሪካ ውስጥ ከ 3,000 ሜትር በላይ ካለው መሬት አብዛኛው ኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛል። ባሌ ላይ ያለው የሳነቴ አምባ በአህጉሩ ትልቁ የውርጭ ሜዳ ነው። 4,000 ሜትር ላይ ቆማችሁ ዓይናችሁ እስከሚደርስ ድረስ ሜዳ ታያላችሁ። ከመሃሉ ብቅ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ቢሆንም ከሜዳው ሲያዩት ትልቅ ኮረብታ ይመስላል እንጂ አያስፈራም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ 1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ባሌ ግን እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

ለምድር ወገብ ቅርብ ሆነን እንዴት እንዲህ ይበርዳል?

ከፍታው ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀት አይዝም። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ፊት ይልጣል። ፀሐይ እንደጠለቀች ያ ሁሉ ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል፣ መሬቱም ይበርዳል። በአንድ ቀን ውስጥ በቀትርና በሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት፣ በክረምትና በበጋ መካከል ካለው ይበልጣል።

እንግዳ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። በጣም የሚበርደው ሌሊት ክረምት ላይ አይደለም፣ በጋ ላይ ነው። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሙቀቱን የሚይዝ ነገር የለም። ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ትንንሽ ኩሬዎችም ላያቸው ብርጭቆ መስሎ ይገኛል።

ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ የበረዶ ክምር የለም። ድሮ ግን ነበር። ከአሥር ሺዎች ዓመታት በፊት ሳነቴ ላይ ሰፊ የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር። ዱካው እስካሁን አለ።

ያ ዘንባባ የሚመስለው ዛፍ ምንድን ነው?

ጅብራ ነው። ዘንባባም አይደለም፣ በትክክል ከተናገርን ዛፍም አይደለም። ሎቤሊያ ከሚባሉት ዕፅዋት ወገን ነው፣ ብዙዎቹ ዘመዶቹ ጉልበት የማይደርሱ የአትክልት አበቦች ናቸው። የእኛ ጅብራ ግን ሰውን አልፎ ብዙ ሜትር ይቆማል። ይሄኛው ዓይነት ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም።

አኗኗሩ ልብ ይነካል። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ እያበዛ ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን ከመሃሉ ረጅም የአበባ ግንድ ይወጣል። ያብባል፣ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ዘር ይበትናል፣ ከዚያ ይደርቃል። ሁለተኛ ዕድል የለውም። ሜዳው ላይ እንደ ተተከለ ግንድ ጠቁረው የቆሙት፣ ተራቸውን የጨረሱ ጅብራዎች ናቸው። ስለዚህ አንዱን ለማገዶ ወይም ለፎቶ ብሎ የቆረጠ ሰው የብዙ ዓመት ጥበቃ ነው የሚያጠፋው።

ሌላስ ምን ይበቅላል?

ጓሳ ሳር ዋናው ነው። መንዝ ውስጥ ያለው ቦታ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ጠንካራ፣ በእፍኝ በእፍኝ የሚቆም ሳር ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛ ከዝናብ የሚከለልበት ገሳ ይሠራበታል። ዝቅ ሲል አስታ አለ፣ ከዚያ በታች ኮሶ። ጦስኝ ደግሞ እግራችሁ ስር ነው። ስትረግጡት ይሸታችኋል። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ያው ጦስኝ ነው።

ቀይ ቀበሮ ቀበሮ ነው ወይስ ተኩላ?

ተኩላ ነው። ቀለሙ ቀይ፣ አፉ ሾል ያለ ስለሆነ በአማርኛ ቀይ ቀበሮ ተባለ። አጠራሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዘረ መሉ ሲጠና ግን የቅርብ ዘመዱ የአውሮፓና የእስያ ግራጫ ተኩላ ሆኖ ተገኘ። ቅድመ አያቶቹ ከ 100,000 ዓመት ገደማ በፊት ከእስያ በኩል መጥተው ተራሮቻችን ላይ እንደቀሩ ይታመናል። በዚህ የተነሳ ዛሬ ብዙ ሰው የኢትዮጵያ ተኩላ ይለዋል። እኔ ቀይ ቀበሮ ማለቱን አልተውኩም፣ ያደግኩበት ስም ነው።

ባሌ ውስጥ በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ልትወልድ የደረሰች ባዝራ ወይም ላም ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል። አገሬው እንስሳውን ምን ያህል በቅርብ እንደሚያውቀው ከዚህ ስም ይታያል።

በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 ገደማ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ነው ያሉት። የተቀሩት በአርሲ፣ በመንዝ ጓሳ፣ በወሎና በስሜን ተራሮች ተበታትነው ይኖራሉ። በየትኛውም የዓለም አገር፣ በየትኛውም የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንድ ቀይ ቀበሮ እንኳ የለም። ያሉት እዚህ ተራራ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው።

ሰው ይነካል? በግ ይበላል?

ሰው አይነካም። በግን በተመለከተ፣ አልፎ አልፎ ግልገል ሊወስድ ይችላል፣ በተለይ በሰሜኑ። ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። ባሌ ላይ ከሚበላው ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ በላይ እነሱ ናቸው።

በተለይ ትልቁ ፍልፈል። ይሄ እንስሳ ከባሌ ሌላ የትም የለም። አንድ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ዓይኖቹ ወደ አናቱ ጠጋ ያሉ ናቸው፣ ከጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ላይ ላዩን እንዲያይ። ወገቡ ድረስ ብቅ ይላል፣ አጠገቡ ያለውን ሳር በፍጥነት ያጭዳል፣ ይዞት ወደ ኋላ ይገባል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትቆማለች። ፍልፈሉ አፈር ሲገላብጥ የሚወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች። አደጋ ስታይ ደግሞ ትጮኻለች፣ እሱም ይሰማታል።

ቀይ ቀበሮው ይሄን ሁሉ ያውቃል። ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ ሆዱን መሬት ላይ ያደርጋል፣ ይጠብቃል። አንዳንዴ በጣም ረጅም ጊዜ። አንድ ጠዋት ሳነቴ ላይ ብርዱ ጣቴን እስኪያደነዝዘው ድረስ አንዱን ሳይ ቆየሁ። ዘለለ፣ ሳተ፣ አፈሩን አራግፎ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ። አደን ላይ ብቻውን ነው። ጠዋትና ማታ ግን ከመንጋው ጋር ይገናኛል፣ ይላላሳሉ፣ ይጫወታሉ፣ ድንበራቸውን አብረው ይዞራሉ። ከመንጋው የምትወልደው ብዙ ጊዜ ዋናዋ ሴት ብቻ ናት። ሌሎቹ ለቡችሎቹ ምግብ በማምጣትና በመጠበቅ ያግዛሉ።

ቀይ ቀበሮ አበባ ይልሳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ደጋው ላይ ቀይና ቢጫ፣ ችቦ የሚመስል አበባ ያለው ተክል አለ። አንዳንድ ቦታ የዝንጀሮ አገዳ ይሉታል። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮዎች ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው እየሄዱ የአበባውን ማር ሲልሱ ታይተዋል። በ 2024 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ላይ ተመዝግቧል። አፍንጫቸው በቢጫ ብናኝ ተለቅልቆ ይወጣል፣ ስለዚህ አበባውን በማዳቀል ሳያግዙት አይቀርም። ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ እንዲህ ሲያደርግ ከዚያ በፊት አልተመዘገበም ነበር።

የተራራው እረኛ ልጆች ይሄን አበባ ከጥንት ጀምሮ ይልሱታል። ጣፋጭ መሆኑን ያውቃሉ።

ጭላዳ ከተራ ዝንጀሮ በምን ይለያል?

በምግቡ። ጭላዳ ሳር ነው የሚበላው። ከዝንጀሮና ጦጣ ወገኖች ሁሉ በዋናነት በሳር የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሳሩን ይነጫል፣ ሳይነሳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደፊት ይሄዳል። በሩቅ ዘመን ብዙ ዘመዶች ነበሩት፣ አጥንታቸው በአፍሪካ የተለያዩ ቦታዎች ተገኝቷል። ዛሬ ከዚያ ቤተሰብ የቀረው ጭላዳ ብቻ ነው፣ የሚገኘውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ።

ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለው። ወንዱ ኃይሉ ሲጨምር ቀለሙ ይደምቃል። ሲቆጣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ያሳያል። ሲመሽ ጅብና ነብር ወደማይደርስበት ገደል ወርዶ ያድራል። የሚኖረው ገደል ካለበት ውርጭና ደጋ ላይ ነው፤ ስሜን፣ ጓሳ፣ ደብረ ሊባኖስ። ባሌ ፓርክ ውስጥ ጭላዳ የለም። ብዙ ጎብኚ ሳነቴ ሄዶ ይፈልገዋል፣ አያገኘውም።

ጓሳ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ይታያል። ቀይ ቀበሮ በብዙ መቶ በሚቆጠሩ ጭላዳዎች መሃል ተረጋግቶ ይሄዳል። ልጆቻቸውን አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ፣ ከጭላዳ ጋር ሆኖ ሲያድን ከሞከረው 67 በመቶ ያህሉ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። አይጦቹ ከጭላዳዎቹ መሃል እሱን ለይተው ስለማያዩት ሊሆን ይችላል።

ዋልያና የደጋ አጋዘን አንድ ናቸው?

አይደሉም፣ ግን ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል። ዋልያ የተራራ ፍየል ነው፣ ስሜን ላይ ብቻ ነው ያለው። ወንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ ትልቅ ቀንድ አለው፣ ገደል ላይ እንደ ሜዳ ይራመዳል። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው። የስሜን ፓርክ በ 1969 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም አንዱ ትልቅ ምክንያት ዋልያን ማዳን ነበር። ቦታው ከ 1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ ወጣ። ዋልያ ግን ዛሬም ለመጥፋት በጣም ቅርብ ነው።

የደጋ አጋዘን የባሌና የአካባቢው ነው። ወንዱ የተጠማዘዘ ቀንድ አለው። የድሮውን 10 ሳንቲም ገልብጣችሁ ካያችሁ እሱን ታገኙታላችሁ። ለሳይንስ የታወቀው በ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ይህን የሚያህል እንስሳ እስከዚያ ድረስ ለውጭው ሰው ሳይታወቅ መቆየቱ ይደንቃል። ለማየት ሳነቴ መውጣት አያስፈልግም። ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ግቢ አካባቢና ጋይሳይ ሜዳ ላይ በቅርብ ይታያል።

ወፎችስ?

ብዙ ናቸው። ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ በውርጭ ኩሬዎች ዳር ትኖራለች፣ የእኛ ተራሮች ብቻ ናት። ግዙፉን ደጋ ቁራ ስሜን ላይ ምሳችሁን ሲጠብቅ ታገኙታላችሁ። እኔን ሁልጊዜ የሚያቆመኝ ግን አጥንት ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ ድንጋይ ላይ የሚለቀው ትልቁ አሞራ ነው። ሲሰበር ወርዶ መቅኒውንም አጥንቱንም ይውጠዋል።

ሰው እዚያ ላይ መኖር የጀመረው መቼ ነው?

ከሚታሰበው በጣም ቀድሞ። ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፣ ከ 3,400 ሜትር በላይ ላይ። በ 2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከ 47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እዚያ ይመላለሱ ነበር። ያኔ የበረዶ ግግሩ ከላያቸው ነበር። ከበረዶው የሚቀልጠውን ውሃ ሳያገኙ አልቀሩም፣ መሣሪያቸውን የሚሠሩበት ጥቁር ባልጩትም ከተራራው ላይ ያመጡ ነበር።

የሚበሉት ምን ነበር መሰላችሁ? ትልቁን ፍልፈል። የተጠበሰ አጥንቱ ምድጃቸው አካባቢ በብዛት ተገኝቷል። ቀይ ቀበሮና ሰው ያኔ አንድ ገበታ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

መሄድ ብፈልግ መቼና እንዴት ልሂድ?

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ወፍራም ጃኬት፣ ጓንትና ኮፍያ ያስፈልጋል። የፀሐይ መከላከያ ቅባትም አትርሱ፣ በብርዱ ተታላችሁ ትቃጠላላችሁ። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ሮቤና ጎባ፣ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋል። ጓሳ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሜን የሚገባው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር በሚርቀው በደባርቅ በኩል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ አካባቢው ላይ ካለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ከፍታውን አትናቁት። በመኪና ከጎባ ወደ ሳነቴ በአጭር ጊዜ ከ 1,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ዲንሾ ወይም ጎባ አንድ ሌሊት እደሩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ሕመሙ ከባሰ ወደ ታች ውረዱ፣ ሌላ ነገር አትሞክሩ። ሳነቴ ላይ መኪና ቀስ በሉ። ቀይ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ የሞተበት ጊዜ አለ። ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ለምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

ውሻ ለቀይ ቀበሮ ይህን ያህል አደገኛ የሆነው ለምንድን ነው?

በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት። እረኞች ከብቶቻቸውን ከጅብ ለመጠበቅ ውሻ ይዘው ይወጣሉ። አብዛኛው ውሻ አልተከተበም። አንድ የታመመ ውሻ አንድ ቀይ ቀበሮ ከነከሰ፣ ያ ቀበሮ ማታ ወደ መንጋው ይመለሳል። ሲገናኙ እንደሚላላሱ ነግሬያችኋለሁ። በሕይወት ያቆያቸው ፍቅር በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሰዋል። በ 1991 እና በ 2003 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ወረርሽኞች ባሌ ውስጥ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱን እጅ ያህል ጨርሰዋል። በ 2008 እና በ 2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመልሶ መጣ። በመሃሉ ሌላ የውሻ በሽታም ገደላቸው።

ከ 1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ተኩላ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ ብዙ ሺህ ውሾችን ይከትባል። ቀበሮዎቹንም ራሳቸውን መከተብ ተጀምሯል። ከ 2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ክትባቱ ሥጋ ውስጥ ተደርጎ በሌሊት ይቀመጥላቸዋል፣ ሳይያዙ ይበሉታል። ፈረስ ላይ ተቀምጠው በዚያ ብርድ ይሄን የሚሠሩት የአካባቢው ልጆች ናቸው። ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ውሻ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ደግሞ ውሻውን ቢያስከትብ የራሱን ልጅም ይጠብቃል።

ጓሳ ያለ መንግሥት ጥበቃ እንዴት ቆየ?

ሕዝቡ ስለጠበቀው። መንዝ ውስጥ ለ 400 ዓመት ገደማ የቆየ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበር። መሬቱ አስቦና ጌራ የሚባሉ የሁለት ቀደምት አባቶች ዘሮች የጋራ ርስት ነበር። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመረጣል፣ ሳሩ እስኪያድግ ለዓመታት ይዘጋል። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት። ከብት የለም፣ ማጭድ የለም። በቂ ሲሆን በበጋው ይከፈታል፣ ሰው ያጭዳል፣ ከብቱ ይገባል። ክረምት ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ተመልሶ ይዘጋል። ሰርቆ ያጨደ ይቀጣ ነበር።

በ 1975 እ.ኤ.አ. የመሬት አዋጁ ሲመጣ የርስት ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ቄሮም አብሮ ቆመ። ሰዎቹ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በኋላ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁመው አዲስ ሕግ አወጡ፣ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው። ሳሩን ያቆዩት ለቀይ ቀበሮ ብለው አልነበረም። ለጣራቸው፣ ለገመዳቸው፣ ለከብታቸው ነበር። ሳሩ ሲኖር ግን አይጡ ኖረ፣ አይጡ ሲኖር ቀበሮው ኖረ።

ታዲያ ሰውና ከብቱን ከፓርኮቹ ማስወጣት አይሻልም?

ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው፣ በአንድ ቃል አይመለስም። ጉዳቱ እውነት ነው። ከብት ሲበዛ ሳሩ ያጥራል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ፍልፈሉ ይጎዳል። እሳትም አለ። በ 2019 እ.ኤ.አ. ስሜን ላይ አስታውና ጓሳው ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ውሃውም አለ። ከባሌ የሚነሱት ወንዞች እስከ ሶማሊያ ድረስ ቆላውን ያጠጣሉ። ላይ ያለው ሳርና አፈር ዝናቡን መጥጦ ቀስ ብሎ ባይለቀው ታች ያለው ሰው ክረምት በጎርፍ፣ በጋ በድርቅ ይቸገራል።

በሌላ በኩል የባሌ አርብቶ አደር ከብቱን ወቅት ጠብቆ ወደ ላይ የሚያወጣበት ጎዳንቱ የሚባል ልማድ አለው። ወደ ሆራው፣ ማለትም ከብቱ ወደሚጠጣው የማዕድን ውሃ፣ ወደ ግጦሹም ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ይሄ ልማድ ፓርኩ ሳይኖር የነበረ ነው። ችግሩ የመጣው ብዙ ሰው መውረዱን ትቶ ላይ መቅረት ሲጀምር ነው። ስሜን ላይ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ 2016 እ.ኤ.አ. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እርሻና በግ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ከተማ ገብቶ መኖር ቀላል አይደለም። እኔ በግሌ ከጓሳ መማር ይሻላል ባይ ነኝ። ሰውየው ሳሩ የእሱ ከሆነና ነገም የእሱ እንደሚሆን ካመነ ይጠብቀዋል። ውጣ የተባለ ሰው ግን የሚጠብቀው ነገር የለውም።

አየሩ እየሞቀ ሲሄድ እንስሳቱ ወዴት ይሸሻሉ?

ወደ ላይ። ላይ ደግሞ ያልቃል። በበረዶው ዘመን ውርጩ ዛሬ ካለበት በጣም ዝቅ ብሎ፣ በጣም ሰፍቶ ነበር። ቀይ ቀበሮ ከተራራ ወደ ተራራ መሻገር ይችል ነበር። ምድሩ ሲሞቅ ውርጩ ወደ ጫፎቹ ተሰበሰበ። አሁን ስሜን ያለው ቀበሮ ባሌ ያለውን በእግሩ ሊደርስበት አይችልም። መሃሉ ሞቃት ሸለቆ፣ እርሻና ከተማ ነው። አየሩ ሲሞቅ ገብሱም ከፍ ብሎ መብቀል ይችላል፣ ማረሻም ይከተለዋል። ስለዚህ እንስሳው ከሁለት ወገን ይጠብበታል።

ቁጥሩ ትንሽ የሆነ መንጋ በአንድ ክፉ ዓመት ሊያልቅ ይችላል፣ ከጎረቤት ተራራ መጥቶ የሚተካው የለም። ጎጃም ውስጥ ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፣ ዛሬ የለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጎሽ ሜዳ ላይም ነበር፣ እዚያም ጠፍቷል። ጎሽ ሜዳ ከጓሳ ሩቅ አይደለም። ብርዱም፣ ገብሱም፣ ሕዝቡም አንድ ዓይነት ነው። ጓሳ ላይ ግን ሳሩ ስለቆየ ዛሬም ጠዋት በጭላዳዎቹ መሃል ሲያልፍ ታዩታላችሁ።